«ሽጠህ ተገላገል» የሚሉት ምክር

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በብዙ ነገር ይከራከራል፤ በአሮጌ መኪና ጉዳይ ግን ፍርዱ አንድ ነው። መኪናዬ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ፣ ዘይት መብላት ጀመረ፣ ከፊት እግሩ በኩል ይንኳኳል ብላችሁ ብታወሩ ቡናው ሳይቀዳ ውሳኔው ይሰጣል፦ «ሽጠህ ተገላገል!» ለዚህ ፍርድ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የቢሮ ባልደረባም፣ የጎረቤት ልጅም፣ ለገና ከቨርጂኒያ የመጣ አጎትም እኩል ይፈርዳሉ። ምክንያታቸውም አንድ ነው፤ አሮጌ መኪና ገንዘብ ይበላል። ሰሞኑን ደግሞ ምክሩ ጭራ አብቅሏል፤ «ሽጠህ ኤሌክትሪክ ግዛ» ሆኗል።

ይህ ምክር ለአብዛኛው ባለመኪና ስህተት ነው። ለማን ትክክል እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ፤ ልክ የሆነበትም ቦታ አለና። ነገር ግን ሻንሲው ጤነኛ የሆነ፣ በሥራ ቀን ከቤት ቢሮ፣ በእሑድ ዘመድ ጥየቃ የሚመላለስ መኪና ያለው ሰው ምክሩን ሰምቶ ቢሸጥ የሚገላገለው ገንዘቡን ነው።

«ጥገናው የመኪናውን ዋጋ ግማሽ ካለፈ አትሥራው» የሚለውን ሕግ እንይ። ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ዘመድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ትርጉም አለው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ጋራዥ ለአንድ ሰዓት ሥራ የሚያስከፍለው ከመቶ ዶላር ይበልጣል። አንድ ካምቢዮ ከነሥራው ብዙ ሺህ ዶላር ሊጠየቅበት ይችላል፤ በዚያው ገንዘብ የሚሄድ ሌላ አሮጌ መኪና ይገኛል። የሰው እጅ ውድ፣ አሮጌ መኪና ርካሽ በሆነበት አገር መጣሉ ከማደሱ ሊቀል ይችላል። እኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የመካኒኩ እጅ ርካሽ ነው፤ መኪናው ግን እሳት ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ዲኤክስ ኮሮላ አሜሪካ ቢሆን ኖሮ ብረቱ በኪሎ ይሸጥ ነበር፤ እዚህ በመቶ ሺዎች ብር ይጠራበታል። እንግዲህ የመካሪዎቹን ሕግ እንዳለ ብንቀበለው እንኳ የሚፈርደው በራሳቸው ላይ ነው። ሞተር ማሳደስ፣ ፍሪሲዮን መቀየር፣ የፊት እግርና ፍሬን መሥራት ሁሉም ተደምሮ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ የሚነካው ከስንት አንዴ ነው።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ሕጉን እንደምናስበው አይኖሩበትም። በመንገዶቻቸው ላይ ያሉት መኪኖች አማካይ ዕድሜ በአውሮፓውያኑ 2024 ከ12 ዓመት ተኩል አልፏል። የብድር ወለድና የአዲስ መኪና ዋጋ ሲወደድባቸው እነሱም ማሳደስን መርጠዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሕጉ ከሥሩ ጎዶሎ ነው። የመኪናችን የገበያ ዋጋ የሚነግረን ሌላ ሰው ስንት እንደሚከፍለን ነው። ባለቤቱ ማወቅ ያለበት ግን ነገ ጧት በምን እንደሚሄድና ያ ስንት እንደሚያስወጣው ነው። ጥገና መመዘን ያለበት ከሚተካው መኪና ወጪ ጋር ነው። ሒሳቡን ከጥገናው ወገን ብቻ ቆጥሮ የሌላውን ወገን ባዶ የሚተው ሰው ምን ዓይነት ሒሳብ ነው የሚሠራው?

የሚተካውን መኪና ስንት እንዳደረግነው እናስታውስ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። እነዚህ ሦስት ውሳኔዎች ይጥቀሙም ይጉዱም ሌላ ክርክር ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ትርጉማቸው አንድ ነው፤ በእጃችን ያለው መኪና በቀላሉ የማይተካ ዕቃ ሆኗል። በውድ የሸጠ ሰው የሚገዛው ከዚያው ገበያ፣ ከዚያ በበለጠ ውድ ነው። ደላላው ከሽያጩም ከግዢውም ኮሚሽኑን ይቆርጣል። የስም ማዛወሪያው አለ። አዲሱ መኪና ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ሙሉ ኢንሹራንስ ይፈልጋል፤ አረቦኑም በዋጋው ልክ ነው።

የሚገዛው ያገለገለ መኪና ከሆነማ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከጃፓን በዱባይ በኩል መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ ቪትዞች አሉ፤ የዝውውሩን ሥራ ማን እንደሠራው፣ የዳሽቦርዱ ሽቦ እንዴት እንደተቀጠለ የሚያውቅ የለም። ከአውሮፓ የመጡት ደግሞ በረዶ ለማቅለጥ በየመንገዱ የሚበተነውን ጨው ስንት ክረምት እንደጠጡ የሚናገረው ከሥራቸው ያለው ብረት ብቻ ነው። የራሳችሁ መኪና ግን መቼ ዘይት እንደተቀየረለት፣ የቱ ጉድጓድ ሾክ አብዞርበሩን እንደሰበረው፣ የትኛው ድምፅ አሮጌ የትኛው አዲስ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው ተረት ለመኪና ገበያ የተተረተ ይመስላል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ፤ የዘመኑ ዋና ክርክር እሱ ነውና። እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩባቸው። መኪናችሁ በዓመት 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በአንድ ሊትር ቤንዚን 12 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በዓመት 833 ሊትር ግድም ነው። ሊትሩን 130 ብር ብናስበው የዓመቱ ነዳጅ 108 ሺህ ብር ይሆናል። አሮጌውን ሽጣችሁ ኤሌክትሪክ ለመግዛት የምትጨምሩት ልዩነት ደግሞ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ይሁን። ኤሌክትሪኩ በነጻ ነው ብንል እንኳ፣ ባይሆንም፣ ልዩነቱን በነዳጅ ቁጠባ ለመመለስ 14 ዓመት ያስፈልጋል። ያው ገንዘብ ባንክ ውስጥ በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ፣ በ7 በመቶ ቢቀመጥ በዓመት 105 ሺህ ብር ይወልዳል። የዓመቱን ነዳጅ ወለዱ ሊሸፍነው ምንም አልቀረው። ከባንክ ተበድሮ የሚገዛው ሰው ሒሳብ ከዚህ ምን ያህል እንደሚከፋ መናገር አያስፈልግም።

ኤሌክትሪክ መኪና መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ዘይት አይቀየርለትም፣ ካንዴላ የለውም፣ ፍሬኑ ቶሎ አያልቅም፣ ጭስ የለውም። ችግሩ በጎነቱ ላይ ሳይሆን ገዢው ላይ ነው፤ በጎነቱ የሚያዋጣው ብዙ ለሚነዳ ሰው ነው። በዚያ ላይ መንገዶቻችን ላይ ከበዙት ውስጥ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ አሉ፤ የቮልስዋገን አይዲ 6 አንዱ ነው። አምራቹ እዚህ ይሸጥ ብሎ ላልላከው መኪና መለዋወጫም ሆነ ዋስትና ከማን ይጠየቃል? ይህን ጉዳይ ከዚህ በፊት አይተነዋል። ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ እየገጣጠመ እንደ አባይና አዋሽ ባሉ የወንዝ ስሞች የሸጣቸውን መኪኖች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ኩባንያው ሲከስር ባለመኪናዎቹ ዕቃ ፍለጋ ላይ ቀሩ። የኮሮላ ባለቤት ግን ሶማሌ ተራ ወርዶ ከመስታወት እስከ ቴስታታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያገኛል። ይህ የመኪናው ዋጋ አካል ነው፤ በመካሪዎቹ ሒሳብ ውስጥ ግን አይገባም።

ከመካሪዎቹ ጠንከር ያለውን ክርክር የሚያቀርቡት «ብር ይሟሟል፣ መኪና ግን ዋጋውን ይይዛል፤ ስለዚህ ገንዘብህን አዲስ መኪና ላይ አስቀምጥ» የሚሉት ናቸው። ይህ የሞኝ ክርክር አይደለም፤ ያለፉት ዓመታት መስክረውለታል። ግን አሮጌው መኪናስ? ምንዛሪው ሲንር ዲኤክሱም ቪትዙም አብሮ ንሯል። ዋጋ መያዝ ከሆነ ዓላማው በእጅ ያለው መኪና ይህን ሥራ እየሠራ ነው፤ ለዚያ ብሎ መሸጥ አያስፈልገውም። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከስምንትና ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ውዱ አካሉ የሆነው ባትሪ ሲደክም፣ እዚህ ገበያ ላይ ስንት እንደሚያወጣ ገና አልታየም። ሀብት ማስቀመጫ ብሎ ያልተፈተነ ነገር መምረጥ ቁማር ነው። መጫወት ይቻላል፤ ቁጠባ ነው ማለት ግን አይቻልም።

ኪሎ ሜትሩን የሚፈሩ ሰዎች አሉ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር እንደ ሰው ዕድሜ ያዩታል፤ ከ200 ሺህ በኋላ ሽምግልና፣ ከ300 ሺህ በኋላ ሞት። ኧርቭ ጎርደን የሚባል የኒው ዮርክ መምህር በ1966 እ.ኤ.አ. የገዛትን ቮልቮ ይዞ በ2013 ሦስት ሚሊዮን ማይል ሞላባት፤ ወደ 4 ሚሊዮን 800 ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሰውየው ተአምር አላደረገም። አምራቹ በመጽሐፉ ያዘዘውን ሰርቪስ በጊዜው ያደርግ ነበር። እንደ ሰውየው ሁኑ አልልም፤ ቁጥሩ ብቻውን እንደማይገድል ለማሳየት ነው ያነሳሁት። ደግሞስ እዚህ አገር የምናየው ቁጥር የትኛው ነው? ከውጭ ያገለገለ ሆኖ ሲገባ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደተመለሰ ማን ያውቃል? በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ፍርድ መስጠት በሐሰተኛ የልደት ካርድ ጡረታ እንደማውጣት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። «አሮጌ መኪና ገንዘብ ይበላል» የሚባለው ከየት መጣ? ሰዎች የተበሉት እውነት ነው፤ ጋራዥ እየተመላለሱ የተማረሩትን አውቃለሁ። የበላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመኪናው እርጅና ሳይሆን የጥገናው ዓይነት ነው። እኛ አገር የተለመደው አሠራር ገምቶ መቀየር ነው። ሞተሩ አልነሣ ሲል ካንዴላ ይቀየራል፤ አሁንም እንቢ ሲል ኮይሉ፤ ቀጥሎ የነዳጅ ፓምፑ፤ መጨረሻ ላይ አንድ የተበላ ሽቦ ሆኖ ይገኛል። ባለመኪናው ለአራት ዕቃ ከፍሏል፤ ብልሽቱ ግን የአንድ ሽቦ ነበር። ይህን ሒሳብ የአሮጌ መኪና ሒሳብ ብሎ መመዝገብ ትክክል አይደለም። ለምርመራ መክፈልን እንደ ብክነት የሚቆጥር ሰው ከምርመራ አሥር እጥፍ ለግምት ይከፍላል።

ሁለተኛው በላተኛ ራዲያተር ውስጥ የምንጨምረው የቧንቧ ውኃ ነው። ኩላንት ውድ ነው ተብሎ ዓመት ሙሉ በውኃ የሚነዳ መኪና ውስጡ ይዝጋል፤ ዝገቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን መስመር ይደፍናል። ከዚያ በዓባይ በረሃ አቀበት ላይ ወይም በመገናኛ ትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ሙቀቱ ይወጣል፤ ሹፌሩ «ትንሽ ነው፣ እደርሳለሁ» ብሎ ይነዳል። ቴስታታው ይጣመማል፣ በሥሩ ያለው ጉዋርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ውኃና ዘይት ይቀላቀላል። በጥቂት ብር ኩላንትና በአንዲት የጎማ ቱቦ የሚድን ሞተር ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ያኔ «አየህ፣ አሮጌ መኪና!» ይባላል። አዲስ መኪናም ቢሆን በዚህ አያያዝ ከጥቂት ዓመት በላይ አይቆይም፤ የሚለየው ለጊዜው ይቅር ማለቱ ብቻ ነው።

የካምቢዮ ዘይትም እንዲሁ ነው። አንዳንድ አውቶማቲክ ካምቢዮ የራሱ የሆነ ልዩ ዘይት ካልገባበት ቺንግያው ይንሸራተታል፣ ይበላል፤ «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ ያገኘውን የሞላ መካኒክ የሠራውን ጥፋት ባለቤቱ በእርጅና ያሳብባል። የታይሚንግ ቺንግያ በብዙ ሞተሮች ላይ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን እንዲቀየር ይታዘዛል። ሳይቀየር ቆይቶ ከተበጠሰ በብዙ ሞተር ላይ ፒስቶኑ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫል፤ በርካሽ ዕቃ ያልፍ የነበረው ጉዳይ የሙሉ ሞተር ወጪ ያስከትላል። ስንቶቻችን ነን የእኛ መኪና ቺንግያ ይኑረው ሰንሰለት የምናውቅ?

ደግሞ መለየት ያለበት ነገር አለ። ጎማ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ መጥረጊያ ማንኛውም መኪና ይበላል፤ ትናንት ከመርከብ የወረደውም ይበላል። እነዚህን ከአሮጌው መኪና ወጪ ላይ ደምሮ ከአዲሱ ላይ አለመደመር ማጭበርበር ነው። የዓመቱን ደረሰኝ አውጡና ሁለት ቦታ ክፈሉት። በአንድ ወገን የሚያልቁ ዕቃዎች፣ በሌላ ወገን እውነተኛ ብልሽት ይሁን። ከዚያ ቀሪውን ለአሥራ ሁለት ወር አካፍሉት፤ መኪና ለመለወጥ ከሚወጣው ገንዘብ የወር ድርሻ ጋር አስተያዩት። ብዙ ሰው ይህን ሠርቶ አያውቅም፤ የሚያስታውሰው መንገድ ላይ የቆመበትን ቀን ነው። መንገድ ላይ መቆም ያናድዳል፣ ያሳፍራልም፤ ግን ንዴት ሒሳብ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። «ሽጥ» የሚለው ምክር ውስጥ ሀፍረት አለ። በሠርግ፣ በልቅሶ ቤት በር ላይ የሚቆመው መኪና ባለቤቱን ይናገርለታል ተብሎ ይታሰባል። ሰው ለክብሩ ገንዘብ ማውጣት መብቱ ነው፤ የማንንም ኪስ አልቆጣጠርም። ለክብር የወጣውን ግን የኢኮኖሚ ብልህነት ብሎ ለሌላው መስበክ ነው የማይገባው። ጎረቤቱ አዲስ መኪና ስለገዛ ብቻ የራሱን ደህና መኪና የሸጠ ሰው ብልህ አይደለም።

አሁን መካሪዎቹ ትክክል ወደሆኑበት ልምጣ። ሻንሲው በዝገት የተበላ ወይም በግጭት የተጣመመ መኪና ላይ ገንዘብ አታውጡ። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፣ ሽቦ ይዘረጋል፤ የተበላ ሻንሲ ግን በላሜራና በስቱኮ ተሸፍኖ ቢያምርም ጥንካሬው አይመለስም፣ በአደጋ ጊዜም ያጋልጣል። «ይህን ያህል አውጥቼበታለሁ፣ አሁን አልተወውም» የሚለው ሰውም ያው ይሳሳታል። የወጣው ወጥቷል፤ መታየት ያለበት ከአሁን በኋላ የሚወጣው ነው።

ቀኑን ሙሉ በራይድ የሚሠራ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 45 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከላይ በያዝነው ዋጋ ወደ 490 ሺህ ብር ነዳጅ። ለእሱ ያ የ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ልዩነት ከነመብራት ሒሳቡ በጥቂት ዓመት ይመለስለታል። እሱ ይቀይር። ጥቁር ጭስ እየተፉ ከጧት እስከ ማታ የሚመላለሱ አሮጌ የናፍጣ ሚኒባሶችም እንዲሁ፤ የከተማው ሳንባ የሚቃጠለው በብዛት በሚነዱት ነው እንጂ በሳምንት ሦስት ቀን በምትወጣ ኮሮላ አይደለም። ቤተሰብ ጭኖ ወደ ሐዋሳ ወይም ደሴ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ኤርባግ የሌለውን የቆየ መኪና ለደኅንነቱ ሲል ቢለውጥ የምከራከርበት ነገር የለኝም። የሚገርመኝ፣ ከመካሪዎቹ ይህን ምክንያት የሚያነሣ አለማግኘቴ ነው። የሚያወሩት ሁሉ ስለ ገንዘብ ነው፤ በገንዘቡ ደግሞ ተሳስተዋል።

ለሌሎቻችሁ፣ ለብዙዎቻችሁ፣ የምላችሁ ይህን ነው። ሊብሬውን ለደላላ ከማሳየታችሁ በፊት ከእናንተም ከደላላውም ጋር ጉዳይ የሌለው አንድ መካኒክ ፈልጉና ለምርመራ ብቻ ክፈሉት። የሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን ይለካ፣ መኪናውን ከፍ አድርጎ ሻንሲውን በመዶሻ ይነካካ፣ የሚያስፈልገውን በቅደም ተከተል ጽፎ ይስጣችሁ። ሻንሲው ደህና ከሆነ መኪናውን አትሽጡት፤ አሠሩት።